«ከማይታወስ ዘመን ጀምሮ»
የአንድ እንግሊዝኛ ሐረግ ፍቺና የነፋስ ስልክ ላፍቶ ይዞታ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ታይም ኢሜሞሪያል» የሚባል ሐረግ አለ። ቃል በቃል ሲፈታ «የማይታወስ ዘመን» ማለት ነው። ባለቅኔ ስለ ተራራ ዕድሜ፣ የአደባባይ ተናጋሪ ስለ አገሩ ነፃነት፣ ነጋዴ ስለ ድርጅቱ ዝና ሲናገር ይህን ሐረግ ይጠቅሳል፤ ሰሚውም «እጅግ ጥንት» ከማለት የተለየ ነገር አይጠብቅበትም። እኛም በአማርኛ «ከጥንት ጀምሮ»፣ «ከአባት ከአያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ» ስንል በዚያው መንፈስ ነው። ነገር ግን ይኸው ሐረግ ከአደባባይ ንግግር ወጥቶ ወደ እንግሊዝ ፍርድ ቤት ሲገባ ሌላ ጠባይ ይይዛል። እዚያ የማይታወስ ዘመን ቀንና ወር፣ ዓመትም ተቈርጦለታል። እርሱም በአውሮፓ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 3 ቀን 1189 ነው። ከዚያ ቀን በፊት የነበረው ሁሉ በሕግ ዓይን የማይታወስ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው ግን ምንም ያህል ቢያረጅ እንደሚታወስ ይቈጠራል።

ለማኅበራችን አባላት ይህ ነገር የቋንቋ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ስለ መሬትና ስለ ቤት በምንጽፋቸው ክሶች፣ መልሶችና አቤቱታዎች «ከጥንት ጀምሮ ይዤው የኖርሁ» የሚለው አነጋገር ተደጋግሞ ይገኛል። ጥንት ወዴት ይጀምራል? ማንስ ይወስነዋል? በደቡብ አዲስ አበባ፣ በተለይም በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ የብዙ ቤተ ሰብ መኖሪያ በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ይህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛውን ሐረግ ታሪክ ከእኛ አነጋገርና ከእኛ የመሬት ታሪክ ጋር አስተያይቶ አንድ ነገር ለማሳየት ይሞክራል፤ ይኸውም «ጥንት» በሕግ ፊት የትዝታ ሳይሆን የውሳኔ ጉዳይ መሆኑን፣ ውሳኔውም ሲደረግ የሚገፋውን ሰው ማሰብ እንደሚገባ ነው።

የንጉሥ ሪቻርድ ዘውድ

የሐረጉ ታሪክ የተያያዘው ከመሬት ክርክር ጋር ነው። (በዚህ ክፍል የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ12ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው መሬቱ የአያቱ እንደ ነበረ ገልጾ እንዲመለስለት በንጉሡ ፍርድ ቤት ሊከስስ ይችል ነበር። መዝገብ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን ዋናው ማስረጃ የሰው ትውስታ ነበር። ግላንቪል በሚል ስም የሚታወቀው የዘመኑ የሕግ መጽሐፍ እንደሚገልጸው፣ ለከሳሹ ቆሞ የሚመሰክርለትና የሚፋለምለት ሰው ነገሩን በዓይኑ ያየ፣ አለዚያም አባቱ ሊሞት ሲል እንዲመሰክር አደራ የሰጠው መሆን ነበረበት። እንግዲህ የሕግ ትውስታ ርዝመት የሁለት ሰዎች ዕድሜ፣ ማለት የአባትና የልጅ፣ ያህል ነበር ማለት ነው።

ከዚያ አልፎ ወደኋላ የሚሄደውን ክርክር ለመግታት ሕጉ ወሰን አበጀ። ወሰኑም የነገሥታት ዘመን ነበር። መጀመሪያ ላይ ማንም ሰው በ1135 ከሞተው ከሄንሪ ቀዳማዊ ዘመን አልፎ ወደኋላ እንዳይሄድ ተደረገ። በ1230ዎቹ ወሰኑ ወደ ሄንሪ ዳግማዊ መንገሥ፣ ማለት ወደ 1154፣ ተሻገረ። በመጨረሻም በ1275 በንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ዘመን የወጣው የዌስትሚንስተር ድንጋጌ ወሰኑን ወደ ሪቻርድ ቀዳማዊ ዘመን አመጣው። የሪቻርድ ዘውድ የተጫነበት ቀን የሕግ ትውስታ መነሻ ሆኖ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው። አንባቢ ዘመኑን በእኛ ታሪክ ለመመጠን ቢፈልግ፣ ሪቻርድ በነገሠበት ጊዜ ገደማ በላስታ ቅዱስ ላሊበላ ነግሦ ነበር፤ ድንጋጌው የወጣው ደግሞ ይኵኖ አምላክ ከነገሠ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ድንጋጌውን ላወጡት ሰዎች 1189 ጥንት አልነበረም። የ86 ዓመት ነገር ነበር፤ በዚያን ጊዜ በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙት፣ ሊመሰክሩበትም የሚችሉት ዘመን ነበር። ወሰኑ የተመረጠው የሰው ትውስታ በእርግጥ እዚያ አካባቢ ስለሚያበቃ ነው። ሕጉና የሰው ልብ በዚያች ሰዓት ተስማምተው ነበር።

ችግሩ የመጣው ወሰኑ ከዚያ በኋላ መንቀሳቀሱን ሲያቆም ነው። በ1540 የወጣ ሕግ መሬት ለማስመለስ የሚቀርበውን ዋና ክስ በ60 ዓመት ወሰነው። በረጅም ልማድ የሚገኙ መብቶች ግን፣ ማለትም በሰው መሬት ላይ የመተላለፍ፣ ውኃ የመቅዳት፣ ከብት የማሰማራትና በመስኮት ብርሃን የማግኘት መብቶች፣ በ1189 ታስረው ቀሩ። ዓመታት ባለፉ ቍጥር ወሰኑ ከሰው ትውስታ እየራቀ ሄደ። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ 400 ዓመት ሆነው። አንድ የመንደር ሰው በጎረቤቱ ማሳ ዳር የምታልፈውን የእግር መንገድ ከ1189 ጀምሮ ዘመዶቹ ይሄዱባት እንደ ነበር በምን ያስረዳል?

ዳኞቹ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ሊጤን ይገባዋል። የአገር ሽማግሌ ልብ እስከሚያውቅ ድረስ ልማዱ እንደ ነበረ ከመሰከረ፣ ተቃራኒው እስካልታየ ድረስ ከ1189 ጀምሮ እንደ ነበረ ይገመታል አሉ። ማለት የማስረዳቱን ሸክም ከደካማው ትከሻ አንሥተው በተቃዋሚው ላይ ጫኑት። ይህም ቢሆን ሙሉ መድኀኒት አልሆነም። ተቃዋሚው ቤቱ ከ1189 ወዲህ የተሠራ መሆኑን ካሳየ የመስኮቱ ብርሃን መብት ያን ጊዜውኑ ይወድቅ ነበር፤ ከ1189 በፊት የተሠራ ቤት ደግሞ የሚኖርበት ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዳኞቹ ሌላ ልቦለድ ፈጠሩ። ለ20 ዓመት ያለ ተቃውሞ የተሠራበት መብት ድሮ በጽሑፍ ተሰጥቶ ጽሑፉ እንደ ጠፋ ይቈጠራል አሉ። በመጨረሻ በ1832 የወጣው የረጅም ይዞታ ሕግ ነገሩን በግልጽ ዓመት ወሰነው፤ ለመተላለፊያና ለመሳሰለው መብት 20 ዓመትና 40 ዓመት፣ ለግጦሽና ለመሳሰለው ደግሞ 30 ዓመትና 60 ዓመት አደረገው። ሐረጉ ግን ዛሬም ከነቀኑ በሕግ መጻሕፍት ውስጥ አለ።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ቁም ነገር እንዲህ ነው። «የማይታወስ ዘመን» የሚለው ቃል ትውስታ ራሱ ያለቀበትን ቦታ የሚያመለክት ይመስላል። በሥራ ላይ ሲውል ግን ትውስታ እዚህ ላይ ይቁም ብሎ የወሰነ ባለሥልጣን መኖሩን ይሸሽጋል።

ሺህ ዓመትና «ባለህ እርጋ»

አሁን ወደ ራሳችን አነጋገር እንመለስ። «ጥንት» በግእዝ መጀመሪያ ማለት ነው። ከጥንት ጀምሮ ሲባል ከመጀመሪያው አንሥቶ ማለት ይሆናልና ቃሉ ራሱ ወሰን አያውቅም። ስለ መሬት ሲነገር ደግሞ አባቶቻችን ከእንግሊዞቹ ፈጽሞ ተቃራኒ የሆነ ምሳሌያዊ አነጋገር አቆይተውልናል፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውን። የእንግሊዝኛው ሐረግ የሚናገረው ለያዘው ሰው ነው። ዘመን በረዘመ ቍጥር የያዘው ሰው መብት ይጸናል። የአማርኛው ምሳሌ የሚናገረው ከመሬቱ ለራቀው ሰው ነው። ዘመን ምንም ያህል ቢረዝም የራቀው ሰው መብት አይሻርም። በአንደኛው ዘመን መብትን ይወልዳል፤ በሁለተኛው ዘመን መብትን ለመግደል አቅም የለውም።

ምሳሌው እንዲሁ ለወግ የተነገረ አልነበረም። በጎጃም፣ በጎንደርና በሌሎችም የርስት አገሮች አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልድ ቈጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው «ዋና አባት» መወለዱን ካስረዳ ድርሻውን ሊጠይቅ ይችል ነበር። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ አጥኚ አለን ሆበን በዳሞት ጎጃም ያደረገውን ጥናት በ1965 ዓ.ም. ገደማ በመጽሐፍ ሲያወጣ በሰፊው የገለጸው ይህን ሥርዓት ነው። ማስረጃው እንደ ጥንቱ እንግሊዝ የሰው ትውስታ ነበር፤ ልዩነቱ ትውስታው ወደኋላ የሚሄድበት ወሰን አለመኖሩ ነው። ከዚህም የተነሣ የርስት ክርክር ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ሙግት ሆኖ ይቈይ ነበር። ድሀው ዘመድ ከስደት ተመልሶ ድርሻውን እንዲያገኝ ያደረገው ሥርዓት፣ መሬቱን ያለማውን ገበሬ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሥጋት ላይ ጥሎት ይኖር ነበር።

ይሁን እንጂ በእኛም አገር ትውስታን የሚገታ ቃል አልጠፋም። ንጉሥ ሞቶ ሌላ ሲተካ ነጋሪት እየተጎሰመ «የሞትንም እኛ፣ ያለንም እኛ፤ ባለህ እርጋ» ይባል ነበር። የዚህ አዋጅ ዋና ዓላማ ሁከትን ማስቀረት ነው፤ ግን የመሬት ትርጉምም አለው። ያለህን እንደ ያዝህ ተቀመጥ፤ የንጉሥ መለወጥ የይዞታ መለወጥ አይሆንም ይላል። እንግሊዞች የንጉሣቸውን ዘውድ የትውስታ ወሰን እንዳደረጉ ሁሉ፣ በእኛም ዘንድ የንጉሥ መንገሥ ይዞታ የሚረጋበት ቀን ሆኖ አገልግሏል። ዛሬ በሕግ ቋንቋችን የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ማለፍን «ይርጋ» የምንለውም ከዚሁ «ረጋ» ከሚለው ግሥ ነው። ቃሉ ስለ ትውስታ አንዳች አይናገርም። ነገሩ ተረሳ አይልም፤ ይርጋ፣ ጸጥ ይበል ይላል። በዚህ ረገድ የእኛ ቃል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ሐቀኛ ነው ለማለት ይቻላል፤ የሚፈልገውን ነገር በግልጽ ስለሚናገር ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለቱን ዝንባሌዎች አንድ ላይ ለማስቀመጥ ሞክሯል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት ይህ ሕግ በአንቀጽ 1168 በማይንቀሳቀስ ሀብት ላይ ለ15 ተከታታይ ዓመታት የባለሀብትነት ግብር የከፈለ ባለይዞታ የሀብቱ ባለቤት እንዲሆን ደነገገ። የማይታወስ ዘመን እዚህ 15 ዓመት ሆነ፤ ምስክሩም ሽማግሌ መሆኑ ቀርቶ የግብር ደረሰኝ ሆነ። ነገር ግን ሕጉ ሺህ ዓመቱንም ጨርሶ አልናቀውም። በልማድ የአንድ ወገን ዘመዳሞች የጋራ የሆነውን ሀብት ከዘመዳሞቹ አንዱ በሌላው ላይ በዚህ መንገድ እንዳይወስድ ከልክሏል።

ከገመድ እስከ አየር ፎቶግራፍ

የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስም ራሱ የዘመናትን መደራረብ ያሳያል። «ላፍቶ» በኦሮምኛ የግራር ዛፍ ስም ነው፤ በስፍራው ከከተማው በፊት የነበረውን ሕዝብና ምድር ያስታውሳል። «ነፋስ ስልክ» ደግሞ ሽቦ ሳይኖረው በነፋስ የሚሄድ መልእክት ማለት ነውና ዘመናዊ ሥልጣኔ ወደ ከተማው ደቡብ መዝለቁን ይነግረናል። ሁለቱን ስሞች አንድ አድርጎ የያዘው ክፍለ ከተማ የተቋቋመው አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በአሥር ክፍለ ከተሞች ስትደራጅ ነው።

በዚህ ምድር ላይ «ከጥንት ጀምሮ» የሚለው አባባል ከአንድ ጊዜ በላይ ተቈርጧል። የመጀመሪያው መቍረጫ ገመድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያና ከዚያ በኋላ በሸዋና በደቡብ አገሮች መሬት በቃላድ እየተለካ፣ በአማካይ 40 ሄክታር ያህል በሚገመት ጋሻ እየተከፈለ ለባለሥልጣን፣ ለወታደርና ለሌሎችም ሲሰጥ በብዙ ቦታ ቀድሞ የነበረው አራሽ በአባቶቹ መሬት ላይ ገባር ወይም ጭሰኛ ሆነ። ለአዲሱ ባለመሬት ታሪክ የሚጀምረው ገመዱ ከተዘረጋበት ቀን ነው፤ ለአራሹ ግን ያ ቀን ታሪኩ የተቋረጠበት ነው።

ሁለተኛው መቍረጫ የ1967 ዓ.ም. አዋጆች ናቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ለአንድ ገበሬ ቤተ ሰብ የሚደርሰው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ለመኖሪያ ቤት የሚፈቀደውን ቦታም እስከ 500 ካሬ ሜትር ወሰነው። በእነዚህ ሁለት አዋጆች የሺህ ዓመቱ ምሳሌም የ15 ዓመቱ ግብርም በመሬት ላይ የነበራቸው ኃይል ቀረ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ሲደነግግ ይህንኑ መሠረት አጸና፤ አርሶ አደሩ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለውም ጨመረ።

ሦስተኛው መቍረጫ ከሰማይ የመጣ ነው። ከተማው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሰፋ የጀሞ፣ የለቡ፣ የሐና ማርያምና የአካባቢያቸው ማሳዎች ቀስ በቀስ የመኖሪያ ሰፈር ሆኑ። ከአንዱ ወገን መንግሥት በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ሠራ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የባቡር መሥመር ላይም የፉሪ ለቡ ጣቢያ ተከፈተ። ከሌላው ወገን ቦታ በማኅበር የተመራ፣ ከገበሬ በእጅ ጽሑፍ የገዛ፣ ከወላጆቹ ማሳ ላይ ቈርሶ ጎጆ የወጣ፣ ሌሊት ሌሊት «የጨረቃ ቤት» ያቆመ ሰው ሁሉ ጎን ለጎን ሰፈረ። ሕጋዊውን ከሕገ ወጡ ለመለየት መመዘኛ ያስፈልግ ነበርና የከተማው አስተዳደር ፊቱን ወደ አየር ፎቶግራፍ አዞረ። ሰነድ አልባ የሚባሉት ይዞታዎች ሲጣሩ የ1988 ዓ.ም. የአየር ካርታና የ1997 ዓ.ም. የአየር ፎቶግራፍ የመብት ድንበር ሆኑ። በካርታው ላይ ቤቱ የታየለት ሰው ነባር ተባለ፤ ያልታየለት አዲስ መጤ ተባለ።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721ም «ነባር ይዞታ» የሚለውን ቃል ሲተረጕም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። ነባር የሚባለው ከተማው በሊዝ ሥርዓት መተዳደር ከመጀመሩ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ቦታ ነው፤ ወይም ከእንዲህ ያለው ቦታ ለተነሣ ሰው በምትክ የተሰጠ ነው። በተራ አማርኛ ነባር ሲባል ብዙ የኖረ፣ አገሩን የሚያውቅ፣ አገሩም የሚያውቀው ማለት ነው። በአዋጁ ግን ነባር ማለት ከአንድ ቀን በፊት የነበረ ማለት ሆነ። እንግሊዞች ከ1189 ጋር የደረሱበት ቦታ ላይ እኛም ደርሰናል ማለት ነው።

ካርታው የማያየው

የአየር ካርታ ታማኝ ምስክር ነው፤ ጉቦ አይበላም፣ ዘመድ አያደላም፣ አይረሳም። ያለ ቁርጥ ቀን ከተማ ሊተዳደር እንደማይችልም መታወቅ አለበት። ቀን ባይቈረጥ ትናንት ሌሊት የቆመ ቆርቆሮ ዛሬ ጥንት ነኝ ይል ነበር፤ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለውኃ መሥመር የሚሆን ቦታም አይተርፍም ነበር። የእርሻ መሬት በደላላ እጅ ሲቸበቸብ አርሶ አደሩ ራሱ ከሁሉ ቀድሞ ተጎጂ እንደ ነበር የሚካድ አይደለም።

ይሁን እንጂ ካርታው የሚያየው ጣሪያን ነው። ጣሪያው የማን እንደ ሆነ፣ ከጣሪያው በታች የኖረው ሰው በምን መብት እንደ ኖረ አያይም። በዛፍ ጥላ የተሸፈነች ጎጆ ላትታየው ትችላለች። ባዶ መስሎ የታየው ቦታ የአንድ ቤተ ሰብ የእህል ማሳ ወይም የከብት መሰማሪያ ሊሆን ይችላል። ከካርታው በኋላ የተወለደ ቤት ሁሉ የወራሪ ቤት አይደለም፤ የአርሶ አደሩ ልጅ በአባቱ ይዞታ ላይ የሠራው ቤት ፎቶግራፉ በተነሣበት ዓመት ያልታየው ልጁ ያን ጊዜ ሕፃን ስለ ነበር ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ካርታው ከእርሱ በፊት ስለ ነበረው ዘመን አንዳች አይናገርም። የላፍቶን ስም ያወጡት ሰዎች ከካርታው ውጭ ናቸው።

የወረቀቱም ማስረጃ ቢሆን ቀላል አልነበረም። አንድ ቤት በደርግ ዘመን «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» በሚል ተመዝግቧል፤ ከዚያም የከተማው አወቃቀር ተለውጦ ዞንና ወረዳ መጣ፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ክፍለ ከተማና ቀበሌ ተባለ፤ ቀበሌውም ኋላ በወረዳ ተተካ። አንድ በር ሦስት አራት የቤት ቍጥር ሲፈራረቅበት፣ በአሮጌው ደረሰኝ ላይ ያለው ቤትና ዛሬ በቦታው የቆመው ቤት አንድ መሆናቸውን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሙግት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ይህን ውዥንብር ለማጥራት የታሰበ ቢሆንም፣ አጣሪው የሚነሣው ያው በእጁ ከሚገኘው ሰነድ ነው።

በቁርጥ ቀንና በሰው ኑሮ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ምን እንደሚያስከትል ክፍለ ከተማው በመራራ መንገድ አይቶታል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በሐና ማርያምና በአካባቢዋ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች እንዲፈርሱ ሲደረግ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙ ቤተ ሰብም በዝናብ ወራት ሜዳ ላይ ቀረ። ቤቶቹ የተሠሩት ከቁርጡ ቀን በኋላ ነው የሚለው የአስተዳደሩ ክርክር በሕግ ሚዛን ክብደት ነበረው። በሌላው ወገን ግን ዓመታት የኖሩበትን፣ ልጅ ያሳደጉበትን፣ ዕድርና ዕቍብ ያቋቋሙበትን ሰፈር አንድ ፎቶግራፍ እንዳልነበረ ሊያደርገው መቻሉን ሰዎቹ ሊረዱት አልቻሉም። ሁለቱ ወገኖች ስለ አንድ ቦታ በሁለት የጊዜ አቈጣጠር ይናገሩ ነበር።

የባለሙያው ድርሻ

እንግሊዞች ከቁርጥ ቀናቸው ጋር 550 ዓመት ያህል ከታገሉ በኋላ የደረሱበት ቦታ ለእኛ ሦስት ነገር ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው፣ ቁርጥ ቀን ሲመረጥ በሕይወት ካለው ሰው ትውስታ ጋር መገናኘት እንዳለበት ነው። 1189 በ1275 ጥሩ ወሰን ነበር፤ በ1600 ግን መቀለጃ ሆነ። የ1988ም ሆነ የ1997 ካርታ በተመረጠበት ጊዜ ቅርብ ነበር። ዛሬ ከመጀመሪያው 30 ዓመት ገደማ፣ ከሁለተኛው 20 ዓመት ገደማ ርቀናል። ቀን የሚቈርጥ አካል ቀኑን በየጊዜው የሚመረምርበትን ሥርዓትም አብሮ ሊያበጅ ይገባል።

ሁለተኛው፣ ቁርጥ ቀኑን በግምት ማለዘብ እንደሚቻል ነው። የእንግሊዝ ዳኞች ሕጉን ሳይሽሩ የማስረዳቱን ሸክም አዘዋወሩ። በእኛም ዘንድ ካርታው ዝም ባለበት ቦታ የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ የዕድር መዝገብ፣ የመብራትና የውኃ ደረሰኝ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ ተደማምረው ተቃራኒው እስካልታየ ድረስ እንደ እውነት ቢቈጠሩ ፍትሕ አይጎድልም። ሽማግሌ ሊሳሳት ወይም ሊያደላ ይችላል፤ መስቀለኛ ጥያቄ የተሠራው ግን ለዚሁ ነው።

ሦስተኛውና እኛን በቀጥታ የሚመለከተው የቃል አጠቃቀም ነው። በክስ ማመልከቻ ላይ «ደንበኛዬ ከጥንት ጀምሮ ይዞት የኖረ» ብሎ መጻፍ ለጆሮ ያምራል፤ ለዳኛው ግን አንዳች አይነግረውም። ጥንት ወሰን የሌለው ቃል ስለ ሆነ ተከራካሪው ወገን በአንድ የአየር ካርታ ያፈርሰዋል። ከዚህ ይልቅ ቦታው በማን፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ በምን ሁኔታ እንደ ተያዘ፤ ግብሩ ከመቼ እስከ መቼ እንደ ተከፈለ፤ የቤቱ ቍጥር በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለወጠ፤ ድንበሩን የሚያውቁት እነማን እንደ ሆኑ በቅደም ተከተል መጻፍ ይበልጣል። እንዲሁም «ነባር» የሚለውን ቃል ስንጠቀም በአዋጁ ትርጕም ይሁን በአገሬው ትርጕም እንደ ሆነ ለይተን መናገር አለብን፤ ስንት ሙግት የተበላሸው ሁለቱ ወገኖች አንዱን ቃል በሁለት ፍቺ ይዘው ስለ ተከራከሩ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ የማይዘገይ ሥራ አለ። በሐና ማርያም፣ በላፍቶና በለቡ መሬቱ ማሳ ሳለ የሚያውቁት፣ የ1967ቱ አዋጅ ሲነገር የሰሙት ሰዎች ዛሬ በዕድሜ የገፉ አረጋውያን ናቸው። በእነርሱ ልብ ውስጥ ያለው የድንበር፣ የምንጭና የመተላለፊያ መንገድ ዕውቀት በአየር ካርታ ላይ የለም። ቃላቸውን በሥርዓት ተቀብሎ፣ ቀን ጽፎበትና አስፈርሞ ማስቀመጥ ለአንድ ደንበኛ ብቻ ሳይሆን ለከተማው ሁሉ የሚጠቅም ሥራ ነው። በጥንቱ የእንግሊዝ ሥርዓት ሊሞት የተቃረበ አባት ለልጁ ይሰጥ የነበረውን አደራ ዛሬ የሕግ ባለሙያው በወረቀት ላይ ሊቀበለው ይችላል።

በ1988 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዛሬ ራሱ ልጆች አሉት። ለእነዚያ ልጆች የአየር ካርታው የተነሣበት ዓመት ከመወለዳቸው በፊት ያለፈ፣ ከአባታቸው አፍ ብቻ የሚሰሙት ዘመን ነው፤ ለልጅ ልጆቻቸው ደግሞ የሚነግራቸው አይኖርም። ያን ጊዜ የሚመጡት ተከራካሪዎችና ዳኞች 1988 ዓ.ም.ን የሚያዩት እኛ ዛሬ 1189ን በምናይበት ዓይን ነው። በእጃቸው የሚገኘው ማስረጃም እኛ አሁን ጽፈን የምናስቀምጥላቸው ብቻ ይሆናል።